ባዛሩን አትሰርዙት፣ በታትኑት

ይህ ጥያቄና መልስ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በፊት የተጻፈ ነው፣ «ዘንድሮ» የሚለው፣ የሕጉ መመሪያ፣ ስለ ክትባቱ የተባለውና የስልክ ቁጥሩ የዚያን ጊዜ ናቸው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በምዕራብ ጎጃም አንድ ወረዳ የምንኖር ወጣቶች ነን። በማህበር ተደራጅተን በግ እናሞክታለን፣ ዶሮ እናረባለን፣ ንብ እናነባለን፣ ድንችና ሽንኩርትም እናለማለን። በየዓመቱ የወጣት አርሶ አደሮች ባዛር አለን። አምና ኮሮና ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አካሂደነዋል። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ልናደርገው አስበን ከአምስት የቀበሌ ክላስተሮች (የተጠጋጉ ቀበሌዎች ስብስብ) 64 ወጣቶች ተመዝግበዋል። ሐሳባችን በወረዳው ከተማ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ትልቅ ድንኳን ተክለን ማዘጋጀት ነው። በር ላይ ሙቀት እንለካለን፣ ማስክ እናድላለን፣ ሰዉንም ከብቱንም በበረኪና እንረጫለን፣ ባሕር ዛፍም እናጨሳለን። ከኮሚቴው ግማሹ ‹ገጠር ላይ ኮሮና የለም፣ እንደ ድሮው ይሁን› ይላል። ግማሹ ደግሞ ‹ይሰረዝ› ባይ ነው። ብድራችንን የምንከፍለው ግን ከዚህ ሽያጭ ነው። እርስዎ ምን ይመክሩናል?»

ሁለቱም ወገን ተሳስቷል። እንደ ድሮው ማድረግም፣ ጨርሶ መሰረዝም ትክክል አይደለም። ባዛር ስትሉ በአንድ ስም የምትጠሯቸው ቢያንስ አራት ነገሮች አሉ። መክፈቻውና ንግግሩ አለ፣ የድንኳኑ ምሳ አለ፣ የዳኞች ምዘናና ሽልማት አለ፣ ወጣቱ ከገዥ ጋር የሚገናኝበት ገበያ አለ። በሽታው በብዛት የሚተላለፈው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። እናንተን የሚጠቅሟችሁ ደግሞ የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው። አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል።

መጀመሪያ ግን አንዳንድ ነገር ላስተካክል።

«ገጠር ላይ ኮሮና የለም» የሚለውን ተዉት። የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፣ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ወደ ቤተሰቡ ተመላልሷል? ገጠር ላይ ታማሚ ያልተሰማው የሚመረመረው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። የጤና ጣቢያው ናሙና የሚልከው ስንቱን እንደሆነ ራሳችሁ ጠይቁ። በእርግጥ እውነት ያለው አንድ ነገር አለ። ገጠሬ ቀኑን የሚውለው ሜዳ ላይ ነው፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ቫይረሱ በቀላሉ አይተላለፍም። ይሄ ጥቅም ነው። ነገር ግን እናንተ ያንን ሰው ከሜዳ አንስታችሁ ድንኳን ውስጥ ልታስገቡት ነው!

ሙቀት መለካቱ ደግሞ ብዙ አያስጥልም። ቫይረሱ የገባበት ሰው ምልክት የሚያሳየው በአማካይ ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ ነው፣ አንዳንዱ እስከ 14 ቀን ይቆያል። ማስተላለፍ የሚጀምረው ግን ምልክቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን ገደማ አስቀድሞ ነው። ጭራሽ ምልክት የማያሳይም ብዙ ነው። ግንባሩ ላይ የምታነጣጥሩበት መሣሪያ ይሄን ሁሉ ሰው «ደህና ነህ፣ ግባ» ብሎ ያሳልፈዋል። እንዲያውም በጥር ፀሐይ ሁለት ሰዓት የተጓዘውን ጤነኛ ሰው «ትኩሳት አለህ» ሊለው ይችላል። መለካት ከፈለጋችሁ ለኩ። ግን በእሱ ተማምናችሁ ሌላውን እንዳትተዉት።

ይሄን ነገር ዶሮ አርቢዎቻችሁ ከማንም በላይ ያውቁታል። ፈንግል እንዴት ነው መንደር የሚገባው? ከገበያ የተገዛች፣ ላባዋ የሚያበራ፣ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ትመጣለች። ሦስት አራት ቀን ደህና ትሆናለች። ከዚያ አንገቷን ማጣመም ትጀምራለች፣ በሳምንቱ የመንደሩ ዶሮ ያልቃል። ስትገዛ ማንም «ታማለች» አላለም። ኮሮናም በዚህ መንገድ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኮሚቴው ውስጥ «ጤነኛ ነኝ፣ ምን አገባኝ» የሚል ካለ አንዱ ዶሮ አርቢ ያስረዳው።

በረኪና ሰው ላይ አትርጩ። ዓይን ያቃጥላል፣ ቆዳ ይልጣል፣ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ቫይረሱ ደግሞ ሳንባና ጉሮሮ ውስጥ ስላለ ልብስ ላይ በመርጨት አይነካም። ከብት ላይም አትርጩ። ከብቶቻችሁ በኮሮና ወረርሽኝ ውስጥ ድርሻ የላቸውም፣ ዶሮ ደግሞ በምርመራ ታይቶ አልያዛትም። በሽታው የሚመጣው ገመዱን ከያዘው ሰው ነው፣ ከበጉ አይደለም። በረኪና የሚያስፈልገው ለጠረጴዛ፣ ለሚዛን፣ ለቧንቧ እጀታ ነው። አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ በጥብጡ፣ በየቀኑም አዲስ አዘጋጁ፣ የከረመው ጉልበት የለውም። ከአሲድም ሆነ ከሌላ የማጽጃ ዓይነት ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

የባሕር ዛፉ ጭስ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ ጠራርገን የምናጥነው በ1911 የኅዳር በሽታ ያለቁትን እያሰብን ነው። እሱም እንደ ኮሮና በትንፋሽ የሚተላለፍ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። መጥረጉ ጥሩ ነው። ጭሱ ግን ቫይረስ አያባርርም። ሰውን ያስላል፣ የሚያስል ሰው ደግሞ ማስኩን አውልቆ ያስላል።

ወደ ቦታውና ቀኑ ልምጣ። ቅዳሜ ገበያ የመረጣችሁት ሰው እንዲበዛ ነው። ዘንድሮ የምትፈሩት ግን እሱኑ ነው። በገበያ ቀን ማን እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደቆመ አታውቁም። ከባዛሩ በኋላ አንድ ሰው ቢታመም ማንን ፈልጋችሁ ልትነግሩ ነው? ከዚያ ሌላ ሕጉም አለ። የአስቸኳይ ጊዜው ካበቃ በኋላ የወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 ማስክና የሁለት ሜትር ርቀት ያዛል፣ ከ50 ሰው በላይ መሰብሰብንም ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። 64 አቅራቢ፣ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ረዳት፣ ባለሥልጣን፣ ዳኛ፣ ነጋዴ፣ ተመልካች ስትሉ በመቶዎች ነው የምትቆጥሩት። ደብዳቤ ጽፋችሁ ፈቃድ ብታገኙ እንኳ ፈቃዱ በሽታውን አያስቀረውም።

ድንኳኑን በተለይ እርሱት። ጎኖቹ የተዘጉ ድንኳን ቤት ማለት ነው። ሰው ይናገርበታል፣ ማይክ ከእጅ እጅ ይዞርበታል፣ ሙዚቃ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ይጮህበታል። ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ከአፍ የሚወጣው ነገርም ይበዛል። ከዚያ ምሳ ይመጣና ሁሉም ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ከአንድ ትሪ እየተጎራረሰ። ወንድሞቼ፣ ይሄን እያወቅን ልንፈቅደው አይገባም። እናንተ ወጣት ናችሁ፣ ብትያዙ በጉንፋን ልክ ሊያልፍላችሁ ይችላል። ማታ የምትገቡት ግን አያት ወዳለችበት ቤት ነው። በአንድ ክፍል ምድጃ ዙሪያ ነው የምታመሹት። ለሷ ኦክስጅን የት ነው ያለው? ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ክትባትም ገና እጃችን ላይ የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኔ የምለው ይሄ ነው። የወረዳውን ባዛር ለአምስት ክላስተር አካፍሉት። 64 ወጣት ለአምስት ሲካፈል በአንድ ቦታ 12 ወይም 13 ይሆናል። ረዳት አይኑር፣ እያንዳንዱ ብቻውን ይምጣ። 13 አቅራቢ፣ አስር ገዥ፣ ሦስት ዳኛ፣ የቀበሌው የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ሥርዓት የሚያስከብሩ ሁለት ልጆች ብትሉ ከ35 አይበልጥም። ቦታው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ግቢ ይሁን። አብዛኛው ግቢ የሠርቶ ማሳያ ማሳ አለው፣ አጥር አለው፣ አንድ በር አለው፣ ይሄ ሁሉ ይጠቅማችኋል። አዳራሹን ግን ቆልፉት። ፀሐይ ከከበደ ጎኑ የተከፈተ ዳስ ጣሉ። በአንድ ቀን አንድ ክላስተር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብታደርጉ በሦስት ሳምንት ያልቃል። ቀኖቹም ከገበያ ቀን ውጪ ይሁኑ።

ጊዜውን በደንብ አስቡበት። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል። ጾም ከገባ እንቁላልና ሙክት የሚፈልግ ገዥ እስከ ፋሲካ ሰሞን ይጠፋል። ከጥምቀት ማግስት ጀምራችሁ እስከ የካቲት አጋማሽ ብትጨርሱ ትንሽ መተንፈሻ ይኖራችኋል፣ አንድ ክላስተር ቢሰረዝ እንኳ የምታዛውሩበት ቀን አይጠፋም። ጥር የሠርግ ወር መሆኑንም አትርሱ። ትናንት ሠርግ ላይ ያደረ ሰው ዛሬ ባዛራችሁ ላይ እንዳይመጣ መከልከል ከባድ ነው። ስለዚህ ከሰኞና ማክሰኞ ይልቅ ረቡዕና ሐሙስ ይሻላችኋል።

ገዥውን በስም ጋብዙት። ይሄ ከሁሉም በላይ የሚሠራ ነገር ነው። ተመልካች ዘንድሮ ይቅር። የበግ ነጋዴ፣ የሆቴል ባለቤት፣ የማር ሰብሳቢ ማህበር፣ የድንች ጅምላ ገዥ በስልክ ይጠራ፣ ሰዓት ይሰጠው። አምስቱ ጠዋት፣ አምስቱ ከሰዓት። ስሙና ስልኩ በር ላይ ይመዝገብ። አንድ ሰው ቢታመም የጤና ኤክስቴንሽኗ ያንን ወረቀት ይዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ትደውላለች።

«ለምን በቴሌግራም ብቻ አንሸጥም?» ትሉ ይሆናል። ፎቶውንና ዋጋውን አስቀድማችሁ ልቀቁ፣ እደግፋለሁ፣ ገዥ ከመምጣቱ በፊት የሚፈልገውን ይለያል። ግን ሙክት በፎቶ አይገዛም። ነጋዴው ጀርባውን ይዳብሳል፣ ወገቡን ጨብጦ ሥጋውን ይለካል፣ ላቱን ከታች አንስቶ ይመዝናል፣ ጥርሱን ያያል። ይሄን ሳያደርግ ሙሉ ዋጋ አይከፍላችሁም። ስለዚህ በጉን አንድ እንጨት ላይ እሰሩት፣ ባለቤቱ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ይቁም፣ ነጋዴው ብቻውን ቀርቦ ይዳብስ፣ ጨርሶ እጁን ይታጠብና ሌላው ይቅረብ። ዋጋው ሲቆረጥ መጨባበጥ የለም። ይሄ ለኛ አገር ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በግ ሸጦ እጅ አለመጨበጥ ያልተዘጋ ውል ይመስላል። ጠዋት ላይ አንዴ ለሁሉም ተናገሩት፣ ከዚያ ማንም አይቀየምም።

ማሩም እንዲሁ። አምና አንድ ማንኪያ ለሁሉም ሲዞር ዓይታችሁ ይሆናል። ዘንድሮ ለእያንዳንዱ ቀማሽ አንድ ንጹሕ ስንጥር ስጡ፣ አንዴ ቀምሶ ይጣለው። ቡና ይቅር። ሲኒው በአንድ ሳፋ ውሃ ነው የሚለቃለቀው።

እጅ ለመታጠብ ሳኒታይዘር ፍለጋ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። አፈርና አዛባ የነካ እጅ ላይ ሳኒታይዘር ብዙም አይሠራም። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ይበልጣል። አንድ በር ላይ፣ አንድ በጎቹ ጋ፣ አንድ ሽንት ቤቱ ጋ። ማስኩ ላይ ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት አስቡ። በፀሐይ ቆሞ ዋጋ የሚከራከር ሰው ማስኩ እስከ ምሳ ድረስ በላብ ይርሳል፣ ከረሰ በኋላ አገጩ ላይ ነው የሚያውለው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በእናንተ ደብዳቤ ላይ ያስደነገጠኝ ኮሮናው ብቻ አይደለም። ስለ ከብቶቹ ጤና አንድም ቃል የለም።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ተመሳሳይ ዝግጅት ላይ ነበርኩ። ዳኛ ሆኜ። ቄብ ዶሮዎች ከየቀበሌው በጎጆ በጎጆ መጥተው አንድ ጥላ ሥር ተደረደሩ። ጎጆዎቹ ተጠጋግተው ስለነበር የአንዷ ላባ በሌላዋ ሽቦ ይገባ ነበር። ያምሩ ነበር፣ ሽልማትም ሰጠናቸው። በዘጠነኛው ቀን አንደኛ የወጣችው ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፣ አንገታቸው ዞሯል» አለች። በማግስቱ ሁለተኛው ደወለ። ፈንግሉን ሰብስበን ለየቀበሌው ያከፋፈልነው እኛ ነበርን። ልጅቷ የተበደረችውን ብር ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጀባት። ክትባት መስጠታቸውን ማናችንም አልጠየቅንም ነበር። እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ዘንድሮ ዶሮ ወደ ባዛሩ አይምጣ። እንቁላሉ ይምጣ፣ የመዝገብ ደብተሩ ይምጣ። ስንት እንቁላል በቀን፣ ስንት መኖ፣ ስንት ሞተ፣ መቼ ተከተበ የሚለው ደብተር ላይ ካለ ጥሩ ዳኛ ከዚያ ይበልጥ ምንም አይፈልግም። ቄቦቹን መሸጥ የፈለገ በፎቶ ያስተዋውቅ፣ ገዥው ቤቱ ድረስ ይሂድ፣ ቤቱ ውስጥ ሳይገባ በሽቦው በኩል ይይ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት እየመጣ በወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በኩል ይገኛል። ከሽያጩ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሰጥ፣ በዋዜማው የተከተበች ዶሮ ገና አልተጠበቀችም።

በግና ፍየል ይምጡ፣ ግን ከራሳቸው ክላስተር አይለፉ። ባዛሩን የበተንነው ለሰዉ ብቻ አይደለም። «ደስታ መሰል» የሚባለው ተላላፊ የበግና የፍየል በሽታ ያለበት ቀበሌ ፍየል ከሌላው ጋር ካልተገናኘ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል። ያልተሸጠው በግ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለሁለት ሳምንት ከመንጋው ተለይቶ ይታሰር። የደለበ በሬ ከቤቱ ባይወጣ ይሻላል። በአካባቢው አፍተግር (አንዳንዱ ማዝ የሚለው) ከተሰማ ደግሞ ማንኛውም ቀንድ ከብትም ሆነ በግና ፍየል ከቀበሌው እንዳይወጣ።

ዳኞቹን ልብ በሉልኝ። አምስቱን ክላስተር ለያይታችሁ ስታበቁ በሁሉም ቦታ የሚዞሩት ሦስቱ ዳኞች ብቻ ናቸው። ኮሮናን ከክላስተር ወደ ክላስተር የሚያደርሱት፣ ፈንግልንም በጫማቸው የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። መኪናው ውስጥ መስኮት ተከፍቶ፣ ማስክ ተደርጎ ይኬድ፣ ሌላ ሰው «አድርሱኝ» ቢል አይጫን። በየቤቱ ምሳ አይጋበዙ፣ ይሄን ቤተሰቡ እንዳይቀየም ወጣቶቹ አስቀድማችሁ ንገሩ። ቦቲ ጫማ ያድርጉ። ከእያንዳንዱ ግቢ ሲወጡ መጀመሪያ ጭቃውንና ኩሱን በውሃና በብሩሽ ያስለቅቁ፣ ከዚያ ነው በበረኪና የሚነከረው። ጭቃ ያለበት ጫማ ላይ በረኪና ማፍሰስ ድካም ብቻ ነው፣ ኃይሉን ጭቃው ይጨርሰዋል። አንዱ ዳኛ ጉሮሮዬን ከረከረኝ ካለ በዚያ ቀን ይቅር፣ በሁለት ዳኛ ይሠራል። አበሉ ግን አይቆረጥበት። አበል ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው መታመሙን አይናገርም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የድንኳን፣ የድምፅ ማጉያ፣ የባነርና የምሳ ወጪ ሲቀር የሚተርፈው ብር ቀላል አይሆንም። ለማስክና ለሳሙና፣ ለገዥዎች መጓጓዣ፣ ቀሪውን ለሽልማት አድርጉት። ሽልማቱም ዋንጫና ሰርተፊኬት ከሚሆን ዘመናዊ ቀፎ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወይም የመኖ ኩንታል ይሁን። ባለሥልጣናቱ መክፈቻ መቅረቱ ቅር ሊላቸው ይችላል። አንዱን ቀን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ስጧቸው፣ መጥተው ወጣቶቹን ያናግሩ፣ ንግግሩም ለሬዲዮ ይቀረጽላቸው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሰው አይያዝም ብዬ ዋስትና አልሰጣችሁም። ሊያዝ ይችላል። የሚቀንሰው የሚያዘው ሰው ብዛት ነው፣ ማን እንደተጋለጠም ታውቃላችሁ። ስለዚህ የምታቆሙበትን መስመር ዛሬ፣ ሳይጀመር፣ በቃለ ጉባኤ ጻፉት። በክላስተሩ ውስጥ ከባዛሩ በፊት ባሉት 14 ቀናት የተረጋገጠ ታማሚ ከተገኘ፣ ወይም ጤና ጣቢያው ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው ከወትሮው በዝቶብኛል ካለ፣ የዚያ ክላስተር ቀን ይሰረዝ። ውሳኔው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይሁን። ኮሚቴው አይወስን። ሦስት ወር የደከመበትን ነገር ለማቆም እጁ የሚታዘዝለት ሰው የለም፣ እኔም ብሆን አልችልም።

የሚሰረዝበት ክላስተር ወጣትስ? የሞከተ በግ አይጠብቅም። ሦስት ወር ተመግቦ ከሞላ በኋላ የሚበላው መኖ ብዙም ወደ ሥጋ አይለወጥም፣ ከኪሱ ነው የሚበላው። ለዚህ ነው የገዥዎቹን ዝርዝር ከባዛሩ ለይታችሁ መያዝ ያለባችሁ። ባዛሩ ቢቀር ነጋዴው አንድ በአንድ፣ በቀጠሮ፣ ወደየግቢው ሄዶ ይግዛ። ለብድር ሰጪውም አሁኑኑ፣ ችግሩ ሳይመጣ፣ የመክፈያ ጊዜው በአንድ ወር እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ። ካለቀ በኋላ የሚጠይቅና አስቀድሞ የሚጠይቅ እኩል አይታዩም።

በዚህ ሳምንት ማድረግ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው። የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት አናግሩ። ዶሮ አርቢዎቹ ክትባት እንዲጀምሩ ንገሩ፣ ከታኅሣሥ ካለፈ አይደርስም። የድንኳኑን ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ለማስመለስ ሞክሩ። ስለ ሕመሙ ጥያቄ ያለው ሰው 8335 ላይ በነጻ መደወል ይችላል። ስለ ከብቶቹ ያለውን ለእኔ ጻፉልኝ፣ የክላስተሮቹን ስምና የከብቱን ቁጥር ከላካችሁልኝ የትኛው ቀን ለየትኛው ክላስተር እንደሚሻል አብረን እናያለን።